ቆሜ ያረስኩባቸው ክረምቶች

ክረምት ላይ ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ አቅራቢያ ባሉት የባሱንዳ እርሻዎች በኩል ያለፈ ሰው፣ ትራክተር ላይ ቆሞ የሚያርስ ሾፌር አይቶ ከሆነ፣ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። የቀን ሠራተኞቹ «ወታደሩ» ይሉኝ ነበር፤ ዘብ የቆምኩ መስሏቸው። የእርሻው ባለቤት ሐጂ በሺር ደግሞ ሥራ ወዳድነት አድርገው ቆጥረውልኝ ለሌሎቹ ሾፌሮች «እንደ ማሩ ነቅታችሁ ሥሩ» ይሏቸው ነበር አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የምቆመው መቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

ተወልጄ ያደግኩት መተማ ቆላ ነው። ገዳሪፍ የመጣሁት እንደ ብዙው ያገሬ ልጅ ሰሊጥ ለማጨድ ነው። ከዚያ ትራክተር መንዳት ለመድኩ፣ ባለቤቴን ዘነቡን አመጣኋት፣ ልጃችን ብርቱካንም እዚሁ ተወለደች። ብርቱካን በአማርኛም በሱዳን ዓረብኛም ያው ብርቱካን ነውና ስሟን የሚያበላሽባት የለም። ሱዳን ያደገች ስለሆነች እንደ አገሩ ልጆች «ያባ» ነው የምትለኝ፤ አባባ ማለቷ ነው። ስትናደድ ደግሞ ነገሯን በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ ትጨርሰዋለች።

ሕመሙ የጀመረኝ ከሆድ ነው። እህል በበላሁ ቁጥር ከእምብርቴ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ ይቆርጠኛል። ተቅማጡ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ሰውነቴ መነመነ። ክሊኒክ ሄድኩና አሜባ ነው ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ ታይፎይድ አለኝ። ሦስተኛው ዘንድ የአንጀት ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ተባለና ሽንት የሚያቀላ ክኒን ለወራት ዋጥኩ። ልፍረድባቸው አልልም። ቲቢውም ይኼኛውም በሽታ አንጀት ላይ ሲያዩዋቸው እንደ መንታ እንደሚመሳሰሉ ኋላ ተረድቻለሁ።

በዚህ መሐል መቀመጫዬ አጠገብ እባጭ ወጣ። ፈነዳ፣ መግል አወጣ፣ ደረቀ ስል እንደገና አበጠ። አንድ ያገር ልጅ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ዱቄት ሰጠኝ፤ እሳት የነካኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ አንድ ሐኪም አደንዝዞ በጣልኝና ለጥቂት ሳምንት ዳንኩ። ከዚያ ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ። ትራክተር ወንበር ላይ የምትነጥር ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል። ቆሜ መንዳት ለመድኩ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ለሆዴ ሐኪም ስለ መቀመጫዬ አልነገርኩም። ለመቀመጫዬ ሐኪም ስለ ሆዴ አልነገርኩም። ለዘነቡ ወገቤን ነው አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር በየት አፍ ይወጣል? አንዱን በሽታ ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን ለአንዱ ግማሹን ለሌላው ሳሳይ ማን ሊያውቅልኝ ይችላል።

ዝናቡ በጠናበት ወቅት እርሻ ላይ ሳለሁ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ፈስም የለ፣ ዓይነ ምድርም የለ። የማስመልሰው አረንጓዴ ሆነ። የባሱንዳ ጥቁር አፈር ሲረጥብ መኪና አያሳልፍምና ጓደኞቼ የትራክተሩ ተጎታች ላይ ጆንያ አንጥፈው አስተኙኝ። ከላይ ዝናብ፣ ከታች ጭቃ። የሚነዳው ልጅ ጎድጓዳ ባገኘ ቁጥር ዞሮ «ይቅርታ ጋሼ» ይለኛል። ከተማ ስንደርስ ብርቱካንና ዘነቡ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ እዚህ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ሰው አያሳልፍም። ጦርነቱ ካርቱምን ከነካ ወዲህ ገዳሪፍ ያልመጣ ሰው የለም፤ ግድግዳ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው የሚኖሩም ነበሩ። አንዲት የማላውቃቸው ሱዳናዊት እናት ከተኙበት ተነሥተው ምንጣፋቸውን ለኔ ለቀቁልኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ከሰው ጋር አብሮ ከመጣው መከራ ውስጥ ግን ለኔ የመጣልኝ በረከት ዶክተር ሰልማ ነበረች። ካርቱም ውስጥ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ስትሠራ የኖረች፣ ቤቷን ጥላ የወጣች ሴት ናት።

ሴት መሆኗን ሳይ ልቤ ወደቀ። ዓረብኛዬ የእርሻ ዓረብኛ ነው፤ ስለ ናፍጣና ስለ ዝናብ ብዙ ማውራት እችላለሁ፣ ስለ ሆድ ዕቃ ግን ቃል የለኝም። ስለዚህ ብርቱካን ታስተረጉማለች። ዶክተር ሰልማ ሆዴን ዳሰሰች፣ ብዙ ጠየቀች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀና አለች። ብርቱካን ወደ መሬት እያየች ተረጎመችው።

«ያባ፣ መቀመጫህ አካባቢ እባጭ ወይም የሚያዥ ቀዳዳ ኖሮህ ያውቃል ወይ ትላለች።»

«የለም በያት» አልኩ።

ብርቱካን ወደ ዶክተሯ ዞረች። በዓረብኛ «ላ» ማለት ግማሽ ትንፋሽ አይፈጅም። ልጄ ግን ረጅም ተናገረች። ከመሐሉ «ተራክተር» ሲባል ሰማሁ። «ዋጊፍ» ሲባልም ሰማሁ፤ የቆመ ማለት ነው።

«ምንድን ነው ያልሻት?»

«እውነቱን።»

«ማን ነገረሽ?»

«ልብስህን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ያባ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅኩህ። ኸላስ፣ ከዚህ በላይ አልጠብቅም።»

ዘነቡ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ ልጇን ታያለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ዶክተር ሰልማ ግን አልገረማትም፤ እንዲያውም የጠፋ ዕቃ ያገኘች መሰለች። መጋረጃውን ስባ አየችኝ። ያን ያህል ዓመት የፈራሁት ነገር ቡና ፈልቶ እስኪወርድ እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በቀስታ አስረዳችኝ። «ዓም ማሩ፣ ሁለት በሽታ የለብህም፤ አንድ ነው» አለችኝ፤ «ዓም» አጎቴ እንደማለት ነው። ክሮንስ ይባላል። ሰውነት ራሱን ከተውሳክ የሚጠብቅበት ኃይል ተሳስቶ የገዛ አንጀቱን ያቆስላል። ቁስሉ ሲጠግግ አንጀቱን ያጠበዋል፤ እኔን የዘጋኝ እሱ ነው። አንዳንዴ ደግሞ እየቦረቦረ ወደ ውጭ መንገድ ያበጃል፤ ፊስቱላ የሚሉት ይኼ ነው፣ መቀመጫዬ አጠገብ ያለው። አይተላለፍም። በኃጢአትም በቡዳም አይመጣም። ይኼን የመጨረሻውን ብርቱካን ከራሷ ጨመረችው መሰለኝ፣ ለዘነቡ ብላ።

ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ተነፍቼ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ቱቦ ገብቶ፣ ደስ አለኝ። ስም አገኘሁለት። ያለ ስም የሚያሳድድህ ነገር ነው የሚያስፈራው።

ቱቦውና ግሉኮሱ ትንሽ ቢያስተነፍሱኝም የጠበበው አንጀት አልከፈት አለ፤ ኦፕራሲዮን መሆን ነበረበት። ብርቱካን የሚደረገውን ስታስረዳኝ፣

«የተበላሸውን አንጀት ቆርጠው ያወጡታል፤ የቀረው እስኪያገግም ሆድህ ላይ ኪስ ያደርጉልሃል» አለችኝ።

«ኪስ?»

«አዎ፣ ኪስ።»

«የሱሪዬ ኪሶች ባዷቸውን ናቸው፤ ደግሞ ሆዴ ላይ አንድ ተጨምሮ ምን ሊከተትበት ነው?»

ለካ በመሐል የዓረብኛውን ኪስ መናገሯ ነው፤ ሱቅ ዕቃ የሚከቱልን ፌስታል ማለት ነው። አንጀቱ በሆድ ቆዳ በኩል ወጥቶ ዓይነ ምድሩ እዚያ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ብርቱካን እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ዶክተር ሰልማ ምን እንዳልኩ ጠየቀችና ሲነገራት እሷም ሳቀች። ቀዶ ጥገና ክፍል የገባሁት ሐኪሜ እየሳቀች ነው። የፈራሁ ሰው ብሆንም የሳቀ ሰው እጅ ክፉ አይሆንም አልኩ በልቤ።

ስነቃ ሁለት ነገር ተጨምሮልኝ ነበር። አንዱ ኪሱ ነው። ሌላው ክር ነው፤ በፊስቱላው ቀዳዳ አሳልፈው እንደ ቀለበት አስረውታል። አፉ ቶሎ እንዳይዘጋና መግሉ ውስጥ እንዳይታጎር፣ እየፈሰሰ ከሥሩ እንዲደርቅ ነው።

«እንግዲህ ሌላው ክርስቲያን አንድ ማተብ ነው ያለው» አልኳት ዘነቡን፤ «እኔ ላይም ታችም አስሬያለሁ።»

«ዝም በል፣ በማተብ አይቀለድም» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኪሱን ለማየት ድፍረት ያጣሁት እኔ ነኝ። ነርሷ ልትቀይረው ስትከፍተው ዓይኔን ጨፈንኩ። ዘነቡ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችውና «ይኼ ነው እንዴ? የሕፃን ከንፈር ይመስላል» አለች። ያኔ ገለጥኩ። እውነትም ቀይ፣ እርጥብ፣ ምንም የማያም ሥጋ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ዘነቡ መሐል የተደበቀ ነገር የለም። ሃያ ምናምን ዓመት አብረን ኖረን እንደዚያን ሰሞን ተሳስቀን አናውቅም።

ቀላል ነበር ግን አልላችሁም። ቤት ከገባሁ በኋላ ኪሱ በሙቀቱ እየተላቀቀ የሚፈሰው ነገር ቆዳዬን አቃጠለው። ከረጢቱም በጦርነቱ ምክንያት እንደ ልብ አይገኝም፤ አጥበን መልሰን እንለጥፋለን። ብርቱካን ስታፈላልግ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አንዲት ነርስ እንዳለች ሰማች። ትርሓስ ትባላለች። ወደ እሷ ሄድን። ከየት እንደሆንኩ ከአነጋገሬ አውቃለች፤ እኔም ከትግርኛዋ የት እንደነበረችና ምን እንዳለፈባት መገመት አያቅተኝም። አልጠየቀችኝም፣ አልጠየቅኳትም። «ና ተኛ» ብላ ቆዳዬን አጠበችና የከረጢቱ ቀዳዳ ሰፍቶ መቆረጡን አሳየችን። ልክ በአንጀቱ ዙሪያ ካልተቆረጠ ፈሳሹ ቆዳ ያገኛል። ለራሷ ሕሙማን ካስቀመጠችው ከረጢት ከፍላ ሰጠችን። ስንወጣ «ይማርህ» አለችኝ። ይኼን ቃል ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ የእሷ አጥንቴ ውስጥ ነው የገባው።

ሌላም ደረሰብኝ። በሐሩሩ ወር አንድ ከሰዓት ምላሴ እንደ ገል ደረቀ፣ የእግሬ ጅማት ተኮማተረ፣ ሽንት ራቀኝ። ብርጭቆ ይቅርና እንስራ ሙሉ ውሃ ብጠጣ አልረካም። ሆስፒታል ሲመልሱኝ ዶክተር ሰልማ ተቆጣችኝ። በኪሱ በኩል ከውሃው ጋር ጨውም ስለሚወጣ ንጹሕ ውሃ ብቻ መጋት አይጠቅምም፤ እንዲያውም ያባብሳል። ለተቅማጥ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት በጥብጦ ቀስ በቀስ መጠጣት፣ ገንፎና ሩዝ መብላት ያስፈልጋል። ኪስ ያለው ሰው ይኼን ካነበበ፣ በተለይ እንደኛ ባለ በረሃ የሚኖር፣ ይኼን አይርሳ።

ኪሱን ለመደበቅ ሱሪ ትቼ ጀለቢያ ለበስኩ። ሐጂ በሺር ሊጠይቁኝ ሲመጡ «ማሩ፣ አሁን ገና ሱዳናዊ ሆንክ» ብለው ሳቁብኝ። ትራክተርህን ሌላ ሰው ለጊዜው ነው የያዘው፣ እስክትድን ይጠብቅሃል አሉኝ፤ ቃላቸውንም ጠብቀዋል።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ነበር የከበደኝ። ኪሱ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ባሰኘው ሰዓት ያጉረመርማል። አንድ የጾም ቀን ቅዳሴው ጸጥ ባለበት ሰዓት ጉርርር አለ። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አይዞህ ልጄ፣ ጾሙ ጠንቶብሃል፤ እግዚአብሔር ይቀበልልህ» አሉኝ። የንስሐ አባቴ እንድበላ ፈቅደውልኝ ጠዋት እንቁላል በልቼ ነበር የመጣሁት። አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ። ከቅዳሴ ወጥቼ ለዘነቡ ስነግራት አጥሩን ተደግፋ ሳቀች።

ለክሮንሱ የታዘዘልኝን ክኒን ሳላቋርጥ ወሰድኩ። ደሜን በየጊዜው ይመረምራሉ፤ መድኃኒቱ ቁጣውን ሲያበርድ የሰውነትንም መከላከያ ስለሚቀንስ ክትትል ይፈልጋል። ቀስ በቀስ እባጩ ጠፋ፣ መግሉ ደረቀ፣ ክሩን ሳቡልኝ። ክብደቴ ተመለሰ። ዶክተር ሰልማ ካሜራ በቀጭን ቱቦ አስገብታ አንጀቴን ካየች በኋላ «አሁን ኪሱን እንዘጋዋለን» አለችኝ።

አንጀቱ ተመልሶ ሲቀጠል መሥራቱ የሚታወቀው ነፋስ ሲወጣ ነው። እስኪወጣ ድረስ ምግብ የለም። ቢያቅተው፣ ወይም የተሰፋው ቢፈታ፣ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ወንዶች ክፍል ውስጥ የሁሉም ሰው ጥያቄ አንድ ሆነ። ጠዋት ነርሷ ትጠይቀኛለች፣ ቀን ዶክተሯ ትጠይቀኛለች፣ አጠገቤ የተኙት አዛውንት ገበሬም በየሰዓቱ «ዓም ማሩ፣ ምን ወሬ?» ይሉኛል። እኔ ጭንቅላቴን እወዘውዛለሁ። ሌሊት ሌሊት ፈርቼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። በሦስተኛው ቀን ሆዴ በመጠኑ ነፋ ብሎ ስለነበር ዶክተር ሰልማም ሳቋን ቀንሳ ነበር። ዘነቡ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ስለት መሳል የጀመረችው ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ ጠያቂ በሚገባበት ሰዓት፣ ክፍሉ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ወጣ። ደካማ አልነበረም። ከዚያ አዛውንቱ ገበሬ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ከዚያ ከወዲያ ጥግ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሁሉም። ዘነቡ በር ላይ ነበረች፤ ምን እንደሆነ ስታውቅ ሳታስበው እልልታዋን ለቀቀችው። ነርሷ ሮጣ መጣች፤ ወንዶች ክፍል ውስጥ ሴት የወለደች መስሏት ነበር። ብርቱካን ስልኳን አውጥታ ለዶክተር ሰልማ ልትደውል ስትል እጄን ዘረጋሁ።

«ስጪኝ፣ እኔ ልንገራት።»

«ቃሉን ታውቀዋለህ?»

«አስተምሪኝ።»

አስተማረችኝ። በስልክ፣ ያ ሁሉ ጠያቂ እየሰማ፣ ጮክ ብዬ ለሐኪሜ ተናገርኩ።

ይኼ ካለፈ አንድ ክረምት ሆነ። ክሮንስ ተነቅሎ የሚጠፋ በሽታ አይደለም፤ ይተኛል፣ ሊነሣም ይችላል። ክኒኔን እውጣለሁ፣ ቀጠሮዬን አልዘልም፣ ሆዴ ሲነግረኝ እሰማዋለሁ። ሰሊጡን ዘርተን አረምነው፣ አሁን አጨዳ ላይ ነን። በሆዳችሁ ለወራት የሚመላለስ ቁርጠት ያላችሁ፣ መቀመጫችሁ አጠገብ የማይድን ቀዳዳ ያላችሁ፣ ሁለቱንም ለአንድ ሐኪም በአንድ ቀን ንገሩ። አፋችሁ እምቢ ካለ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱና እሱ ይናገርላችሁ።

ዶክተር ሰልማ ባለፈው ወር ወደ ካርቱም ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ቤታችን ጠራናት። ዘነቡ ዶሮ ሠርታ፣ ለኔ በርበሬ የሌለበት አልጫ ለብቻ አውጥታ ነበር። ዓረብኛ አንቱ የለውምና አንቺ እያልኩ ነው ያወራኋት። በልቤ የቆየውን ነገርኳት፤ «ጦርነቱ ቤትሽን ባያሳጣሽ እኔ አልድንም ነበር። ይኼን እያሰብኩ ማመስገን ይከብደኛል» አልኳት።

«ቤቴ ምን እንደሆነ ገና ሄጄ ነው የማየው» አለች። «እዚህ ምን እንደሠራሁ ግን አሁን እያየሁት ነው።»

ከዚያ እጇን ታጠበችና ከኔ ሳህን፣ ከአልጫው፣ ቆርሳ ጎረሰች። እኔም ከእነሱ ከቀዩ ቆረስኩ። «ቀስ፣ ዓም ማሩ» አለችኝ።

«ተይው ዱክቶራ፣ ዛሬ ይብላ» አለች ዘነቡ። ይኼን ማንም አላስተረጎመውም፤ ገብቷታል።